ደስ ሲላት የጸለየች ሴት

ሃይማኖታቸውን የለወጡ ሰዎች የሚጽፏቸውን መጻሕፍት አልወድም ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆኑብኛል። ደራሲው በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይሰክራል፣ ይዋሻል፣ ያመነዝራል፤ መካከሉ ላይ መብረቅ የመሰለ ነገር ይወርድበታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ የድሮ ጓደኞቹን መርገሚያ ነው። በእኛ አገር ይኸው ዓይነት ጽሑፍ ሁለት መልክ አለው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። አንዱ የንስሐ መጽሐፍ ነው፤ ሌላው የፖለቲካ ትዝታ ነው። ከድርጅቱ የወጣ ሰው ስለ ድርጅቱ ሊጽፍ ሲቀመጥ፣ ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ የበሉ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ያደሩ ልጆች በአንድ ሌሊት ወይ ጅል ወይ ነፍሰ ገዳይ ሆነው ያድራሉ። እሱ ብቻ ሁሉንም ነገር አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ባጠፍኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ታዲያ ያን ያህል ዓመት አብረሃቸው ምን ስትሠራ ኖርክ?

የዶረቲ ዴይ “ረጅሙ ብቸኝነት” እጄ የገባው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከነበሩት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ከአንዱ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። ሻጩ ገለጥ ገለጥ አደረገና “የመነኩሲት መጽሐፍ ነው” ብሎ ከጠራው ዋጋ ቀነሰልኝ። እሱ እንደ ቅናሽ ቆጠረው፤ እኔም እንደ ማስጠንቀቂያ። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ዶረቲ ዴይ መነኩሲት አልነበረችም። በ1897 ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ የተወለደች ጋዜጠኛ ናት። (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወጣትነቷን ያሳለፈችው በሶሻሊስት ጋዜጦች ዝግጅት ክፍል፣ በሰላማዊ ሰልፍ፣ በእስር ቤትና በግሪንዊች ቪሌጅ መጠጥ ቤቶች ነው። በ30 ዓመቷ ካቶሊክ ሆነች። በ1933 ፒተር ሞሪን ከተባለ ፈረንሳዊ ጋር “ካቶሊክ ወርከር” የተባለውን ጋዜጣ መሠረተች፤ ከጋዜጣው ደግሞ ቤት የሌላቸውን ሰዎች የሚቀበሉ ቤቶች ተወለዱ። “ረጅሙ ብቸኝነት” የታተመው በ1952 ነው። እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1980 ድረስ፣ ከእነዚያ ቤቶች አልወጣችም። በ2015 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ባደረጉት ንግግር ከሊንከን፣ ከማርቲን ሉተር ኪንግና ከቶማስ መርተን ጋር ስሟን አንስተዋል። ቤተ ክርስቲያኗም ቅድስናዋን መመርመር ከጀመረች ቆይታለች። ይህን የጠቀስኩት ሴትዮዋን ለማያውቅ አንባቢ መግቢያ እንዲሆን ነው። እኔ ካቶሊክ አይደለሁም፤ የቅድስናውን ጉዳይ ለሚመለከታቸው እተዋለሁ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ዶረቲ እምነቷን ከማን ተማረች ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ መጽሐፉ የሚሰጠው የሰዎች ዝርዝር ያስገርማል። ቄስ ከሞላ ጎደል የለበትም። ዕቃ አጥባ የጨረሰች የጎረቤት ሴት አለች። አንዲት አይሁዳዊት ኮሚኒስት አለች። አንድ ሰካራም ጸሐፌ ተውኔት አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በእግዚአብሔር መኖር ፈጽሞ የማያምን፣ ዓሣ አጥማጅ የሆነ የሥነ ሕይወት ሰው አለ። ይህች ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው ውጭ ቆመው የቀሩ ሰዎች እየገፏት ነው፤ ይህንንም ታውቃለች፤ አውቃም አትክድም። የመጽሐፉ ዋና ነገር በእኔ ግምት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ከልጅነቷ ይጀምራል። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም የዶረቲ ቤተሰብ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ኦክላንድ ይኖር ነበር። የ8 ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች በጀልባ ሲሻገሩ እናቷና ጎረቤቶቿ ቀኑን ሙሉ ምግብ ሲያበስሉ ዋሉ፤ ከተደራቢ ልብሳቸው ያላካፈሉት አልነበረም። የዶረቲ አባት የስፖርት ጋዜጠኛ ነበርና የጋዜጣው ቤት ሲቃጠል ሥራውን አጣ፤ ቤተሰቡም ወደ ቺካጎ ተሰደደ። እሷ ግን በልቧ ይዛ የሄደችው የመሬቱን መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። ሰዎች ለጥቂት ቀናት እንደዚያ መሆን ከቻሉ ለምን ሁልጊዜ አይሆኑም የሚል ጥያቄ ይዛ ሄደች። ጥያቄው የሕፃን ነው። 46 ዓመት ቆይታ ስትጽፈውም አላሳደገችውም። ደግ አደረገች።

ቺካጎ ሳሉ አንድ ጠዋት ጓደኛዋን ፍለጋ ወደ ጎረቤት ቤት ትገባለች። የልጅቷ እናት የቁርሱን ዕቃ አጥባ ጨርሳ ተንበርክካ ስትጸልይ ታገኛታለች። ሴትዮዋ አልደነገጠችም፣ አላፈረችም። ዞር ብላ ልጆቹ ወደ ሱቅ መሄዳቸውን ነገረቻትና ወደ ጸሎቷ ተመለሰች። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። እኔ ግን እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን አጠፍኩና ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥኩ።

እናቴ ማታ ማታ ዳዊቷን ይዛ ወደ ሥዕሉ ዞራ ትቆም ነበር። የሣጥን ቁልፍ ስጠይቃት ሳትዞር፣ ከንፈሯም ሳያርፍ፣ ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ ወደ ኋላዋ ትዘረጋልኛለች። በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ልሄድ ስሰናዳ፣ ከጥናት ክበብ የቀሰምኳት ዕውቀት እላዬ ላይ ትፈላ ነበርና፣ ጨርሳ ተሳልማ እስክትቀመጥ ጠብቄ “እማዬ፣ ይኸ እኮ ድሀን ማደንዘዣ ነው” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። “በሶውን ከታች አድርጌልሃለሁ፤ እንዳይረጥብብህ” አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። እኔ የማርክስን አባባል የነገርኳት እሷ አዝና፣ ተቸግራ፣ መጽናኛ ፈልጋ የምትጸልይ መስሎኝ ነው። ደስ ብሏት ይሆን የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም።

ዶረቲም ይችኑ የማርክስን አባባል ታውቃት ነበር፤ ከእኔ በተሻለ ታውቃት ነበር። ስታተን አይላንድ በምትባለው ደሴት፣ ባሕሩ ዳር በነበራት ጎጆ ስትኖር፣ ፖስታ ልታመጣ ወደ መንደሩ ስትራመድ ሳታስበው ስትጸልይ ራሷን ታገኘዋለች። ወዲያው ከራሷ ጋር ክርክር ትገጥማለች፤ ይኸ ማደንዘዣው አይደለም ወይ? መልሷ የመጽሐፉ ቁልፍ ይመስለኛል። የምጸልየው ስላዘንኩ አይደለም፤ ደስ ስላለኝ ነው፤ ላመሰግን እንጂ ልለምን አይደለም ትላለች። ማደንዘዣ ሕመም ላለበት ሰው ነው፤ እኔን ምንም አያመኝም ማለቷ ነው። በክበባችን ውስጥ ይህን የመሰለ መልስ የሰጠን አልነበረም። ቢሰጠን ምን እንመልስ እንደነበር አላውቅም፤ “ንዑስ ከበርቴ” ብለን እናልፈው ነበር መሰለኝ።

ይህ መልስ ዝም ብሎ የመጣ እንዳልሆነ ለማየት አሥር ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1917 ለሴቶች የመምረጥ መብት በዋይት ሐውስ ፊት ከተሰለፉት ጋር ታስራ ኦኮኳን የተባለው እስር ቤት ገባች፤ ታሳሪዎቹም የረኀብ አድማ መቱ። በጨለማው ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ አስመጥታ መዝሙረ ዳዊትን አነበበች፤ ተጽናናችም። ከተፈታች በኋላ ግን አፈረች። በደህናው ቀን ዞር ብላ ያላየችውን አምላክ በጭንቋ ቀን መጥራቷ ልመና መሰላት፤ ትታውም ሄደች። ይህ ኩራት ነው የሚል ይኖራል፤ ሊሆንም ይችላል። እኔ ግን ጨዋነት ነው እላለሁ። ሲቸግረው ብቻ የሚመጣ ዘመድ እንዴት እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን።

በዩኒቨርሲቲ፣ በኢሊኖይ፣ ዶረቲ ድሀ ተማሪ ሳለች የተወዳጀቻት ሬይና ሲመንስ የምትባል ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ ነበረች፤ ከሀብታም አይሁዳዊ ቤተሰብ የመጣች፣ ያላትን ሁሉ ለጓደኞቿ የምታካፍል ልጅ። ደራሲዋ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥታታለች። ሬይና በኋላ ኮሚኒስት ሆነች፤ በቻይና አብዮት ውስጥ በጋዜጠኝነት ሠርታ፣ ከዚያ ሞስኮ ሄዳ፣ በኅዳር 1927 እዚያው በወጣትነቷ ሞተች። ዶረቲ የተጠመቀችው በዚያው ዓመት በዲሴምበር 28 ነው። አንዷ በቀይ አደባባይ ከተማ ስትሞት ሌላዋ ከአንድ ወር ጥቂት ቆይታ ጥምቀት ገንዳ አጠገብ ቆመች። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በእነዚያ በማልወዳቸው መጻሕፍት ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ምን ዓይነት ስብከት እንደሚወጣው አስቡት፤ አንዷ ጠፋች፣ አንዷ ዳነች! ዶረቲ እንዲህ ያለ ነገር አትነካም። የሬይናን ንጹሕ ልብ፣ ያልተሰሰተ ልግስና ጻፈች። የእግዚአብሔርን ቸርነት ለማሰብ መጀመሪያ የአንድ ሰው ቸርነት ማየት ያስፈልጋል፤ እሷ ያየችው ከዚያች ልጅ ነው።

ዩጂን ኦኒል ደግሞ አለ፤ የቲያትር ሰዎቻችን በደንብ የሚያውቁት። በ1918 መጀመሪያ ላይ፣ በዚያ በከባድ ክረምት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት እየጠጣ “የሰማይ ውሻ” ሊባል የሚችለውን የፍራንሲስ ቶምፕሰንን ረጅም ግጥም በቃሉ ይወጣላት ነበር፤ እግዚአብሔር የሚሸሸውን ሰው እንደ አዳኝ ውሻ የሚያሳድድበትን ግጥም። ኦኒል የካቶሊክ ልጅ ነው፤ እምነቱን ጥሎ ወጥቷል። እሱ ጥሎ የወጣውን እሷ ከእሱ አፍ ሰማችው። ሌሊቱን ሲጠጡ አድረው ሲነጋ አንዳንድ ቀን ብቻዋን ወደ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ትገባና ከኋላ ተንበርክካ ቅዳሴ ትሰማለች። ምን እንደሚቀደስ አታውቅም። ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች አብረው ተንበርክከው ማየቱ ይበቃት ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ፎርስተር ባተራም ነው። የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል “ተፈጥሯዊ ደስታ” ይባላል፤ በእኔ ግምት ደራሲዋ ከጻፈችው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ጎጆዋን የገዛችው በ1924 የታተመው ልብ ወለዷ ፊልም ሊሠራበት መብቱ ሲሸጥ ባገኘችው ገንዘብ ነው። (ፊልሙ አልተሠራም፤ ገንዘቡ ግን እውነት ነበር።) በዚያ ጎጆ ከፎርስተር ጋር ያለ ጋብቻ ኖሩ። እሱ አናርኪስት ነው፤ መንግሥትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሰዎች መካከል እንዲገቡ አይፈልግም። ብዙም አይናገርም። ግን ከባሕር ዓሣ አጥምዶ፣ ጨው ጨው እየሸተተ፣ ሌሊቱን ብርድ ይዞ ይመጣል፤ በጨለማ ወደ ውጭ ያወጣትና ከዋክብቱን በየስማቸው ይጠራላታል። ቀንዳ አውጣው፣ የባሕር ሣሩ፣ ወፉ ሁሉ ስም እንዳለው ያሳያታል። የከተማ ልጅ የነበረችው ጋዜጠኛ ዓለምን ማየት የተማረችው ከእሱ ነው። እንዲህ ያለ ውበት እያዩ ያለ ፈጣሪ እንዴት ይሆናል ብላ ትጠይቀዋለች። ለእሱ ፈጣሪ የሚባለው ነገር ውበቱን የሚያበላሽ ጣልቃ ገብ ነው። እንግዲህ ዓይኗን የከፈተላት ሰው ያየችውን ሊያይ አልቻለም። አሳዛኙ ነገር ይህ ነው፤ ደራሲዋም እንደ ጥፋት አትቆጥርበትም።

በማርች 1926 ታማር ቴሬሳ ተወለደች። ዶረቲ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። አንድ ሰው ይህን ያህል ደስታ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም፤ የሚመሰገን አካል ያስፈልገዋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያስኬዳት ይኸው ነው። ስለ ወሊዷ የጻፈችውን ጽሑፍ ደግሞ በ1928፣ ካቶሊክ ሆና ካበቃች በኋላ፣ ያሳተመችው በግራ ዘመሞቹ መጽሔት በ“ኒው ማሲስ” ነው። ድሀ ሴቶች ሁሉ የደስታዋ ተካፋይ እንዲሆኑ ፈልጋ፣ ድሀ ሴቶች የሚያነቡት ከመሰላት ቦታ ላከችው። ከማኅበሩ ወጣች እንጂ ከሰዎቹ አልወጣችም።

መጽሐፉን ከመጠን በላይ ቁም ነገር ያደረግኩት እንዳይመስል አንድ አስቂኝ ሰው ላንሳ። ልጇን ልታስጠምቅ ስትነሣ መንገድ ላይ ያገኘቻት መነኩሲት፣ እኅት አሎይዥያ፣ ትምህርተ ክርስቶስ ልታስተምራት ትመላለሳለች። በሳምንት ይህን ያህል ጥያቄና መልስ በቃል ያዢ ትላታለች። ካልያዘች ትቆጣለች። አንድ ቀን ዶረቲ ጽሕፈት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ያልታጠበ ዕቃ ብታይ፣ በዚህ ሰዓት እንዴት ነው ነገሩ ብላ ገሠጸቻት። የእኛ አገር አንባቢ ይህችን መነኩሲት ወዲያው ያውቃታል፤ አለንጋ ያልያዘች የኔታ ናት። ዶስቶየቭስኪንና ክሮፖትኪንን ያነበበች ሴት እንደ ፊደል ቆጣሪ ሕፃን በቃሏ ስታጠና ማየት ደስ ይላል። መነኩሲቷ ስትመላለስ ፎርስተርን ቤቱ አላስቀምጥ አለው።

ከዚያ የመጣው ጥምቀት ነው፤ እዚህ ላይ ደራሲዋ እጅግ ሐቀኛ ናት። ደስታ ያመጣት ሴት በተጠመቀችበት ቀን ምንም ደስታ አልተሰማትም። ከፎርስተር ጋር ተለያይታለች፤ ቀኑ የሚያስጠላ፣ ጭጋጋም የክረምት ቀን ነው። ራሷን እንደ ግብዝ ቆጠረች። ወዳጆቿንና ድሆችን ከድታ የሀብታሞች ወገን ወደሆነች ቤተ ክርስቲያን የገባች መሰላት። ማንም የንስሐ መጽሐፍ ጸሐፊ ይህችን ገጽ እንዲህ ደረቅ አድርጎ አይተዋትም፤ ቢያንስ አንድ የብርሃን ጨረር በመስኮቱ ያስገባላታል። ዶረቲ አላስገባችም። በዚህ ምክንያት ስለ ሌላው ደስታዋ ስትናገር አምናታለሁ።

ሁሉንም ነገር ግን አላምናትም። ስለ መጽሐፉ ጉድለት ሳልናገር ብቀር እኔም ከእነዚያ ጸሐፊዎች አልሻልም።

በ1924 ልብ ወለዷ “አሥራ አንደኛዋ ድንግል” ውስጥ በዚያ ዘመን የነበረውን ሕይወቷን ከሞላ ጎደል እንዳለ ጽፋዋለች፤ የሚወዳት ሰው ጥሏት እንዳይሄድ ስትል ያስወረደችውን ፅንስ ጨምሮ። በግለ ታሪኳ ውስጥ ይህ የለም። አንድ አጭር ጋብቻም ነበራት፤ እሱም የለም። የልብ ወለዱን ቅጂዎች እየሰበሰበች ብታጠፋ ትወድ እንደነበር ይነገራል። አንድ ሰው ያፈረበትን ነገር መደበቅ መብቱ ነው፤ ማንም አደባባይ ወጥተሽ ተናዘዢ ሊላት አይችልም። ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ሲታይ ግን ዝምታው መጽሐፉን ጎድቶታል። የታማር መወለድ ለምን ያን ያህል ደስታ እንደሆነ “ረጅሙ ብቸኝነት”ን ብቻ ያነበበ ሰው ሙሉ በሙሉ አይገባውም። ዳግመኛ ልጅ አልወልድም ብላ ለዓመታት መፍራቷን ትጠቅሳለች፤ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ግን አትናገርም። ደስታው የተከፈለበት ዋጋ ተሰርዞ ዕቃው ብቻ ቀርቧል። አንባቢ የማይከፈልበት ደስታ ሲያይ ይጠራጠራል፤ እኔም በመጀመሪያው ንባቤ ይህ ክፍል ትንሽ ጣፈጠብኝ።

ሦስተኛው ክፍል ሌላ ችግር አለው። “መለኪያው ፍቅር” ይላል ርዕሱ። ሰዎቹ ብዙ ናቸው፤ እየገቡ ይወጣሉ፤ አንዱን ሳናውቀው ሌላው ይተካዋል። ለወርኃዊ ጋዜጣ ስትጽፍ የኖረች ሴት እጅ ይታይበታል። ፒተር ሞሪን ብቻ ቆሞ ይታያል፤ እሱ ደግሞ ለሚያህል መጽሐፍ ይበቃል። በዲሴምበር 1932 ዶረቲ በዋሽንግተን የሥራ አጦችን የረኀብ ሰልፍ ልትዘግብ ሄዳ፣ ሰልፉን የመሩት የድሮ ጓደኞቿ ኮሚኒስቶቹ ሲሆኑ፣ ካቶሊኮቹ የት ናቸው ብላ ተቆጭታ፣ በቤተ ክርስቲያን ተንበርክካ ለድሆች የምትሠራበት መንገድ እንዲከፈትላት ጸለየች። ኒው ዮርክ ስትመለስ አንድ ጨፍጋጋ ኮት የለበሰ፣ ኪሱ ሁሉ ወረቀትና መጽሐፍ የሆነ ሽማግሌ ቤቷ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ሳያቋርጥ ያወራል። ሲያወራ ውሎ ሲያወራ ያድራል። የጸሎት መልስ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ሆኖ ሲመጣ ማየት የሚያስቅም የሚያሳምንም ነው። በሜይ 1 ቀን 1933፣ በሠራተኞች ቀን፣ የመጀመሪያው 2,500 ቅጂ በዩኒየን ስኩዌር ለሰልፈኞቹ ተሸጠ፤ አንዱ በ1 ሳንቲም። ለማን ሊሸጡት ሄዱ? ለኮሚኒስቶቹ።

ሞሪን ለማኞች የእግዚአብሔር አምባሳደሮች ናቸው ይል ነበር፤ ሐሳቡን ወደ ጥንት ግሪኮች ያደርሰዋል። እኛ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። መሽቶበት ደጅ የቆመውን መንገደኛ “የእግዜር እንግዳ” የምንል ሰዎች ነን። ልዩነቱ የእኛ የእግዜር እንግዳ አድሮ ይሄዳል። የዶረቲ እንግዶች አልሄዱም። ዓመት ተቀመጡ፣ አሥር ዓመት ተቀመጡ፣ እዚያው ሞቱ። አንዳንዱ ይሰርቃል፣ አንዳንዱ ሰክሮ ይሳደባል፣ ትኋኑም አለ፣ ሽታውም አለ። ዶረቲ አትደብቀውም፤ ድሀ ሁሉ ደግ ነው የሚል ነገር ከአፏ አይወጣም። ታዲያ ደስታው ከየት ይመጣል? በኋላ በ2008 የታተመው የዕለት ማስታወሻዋ የዚህን መልስ በተሻለ ይዞታል። አዘጋጁ ሮበርት ኤልስበርግ “የመደሰት ግዴታ” የሚል ርዕስ ሰጥቶታል፤ እሷ ከጆን ረስኪን ወስዳ ደጋግማ ለራሷ የምትናገራት አባባል ናት። ግዴታ! በባሕር ዳር ሳትጠራው የመጣው ደስታ፣ በዚያ በሚሸተው ቤት ውስጥ በየጠዋቱ እንደ ዕቃ ማጠብ የሚሠራ ሥራ ሆነ። ፎርስተር ከዋክብቱን በየስማቸው እንዳስተማራት እሷም ሰካራሞቹን በየስማቸው ተማረች። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ እሷ እንዲህ አላለችም።

ርዕሱን የወሰደችው ከ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊት ከሜሪ ዋርድ ነው። “ብቸኝነት” ብዬ የተረጎምኩት አላረካኝም። የእኛ ቃል ሰው አጠገቡ የሌለውን ሰው ያስታውሰናል፤ የዶረቲ ብቸኝነት ግን ሰው ሞልቶ በተጨናነቀ ቤት ውስጥም የሚኖር ነው። ልጇ ታማር ይህን ሳታውቀው አልቀረችም። ታማር ባደገች ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ራቀች፤ የታማር ልጅ ኬት ሄነሲ በ2017 ባሳተመችው መጽሐፍ የእናትና ልጅ ነገር ምን ያህል ፍቅርና ምን ያህል ቁስል እንደነበረው ጽፋለች። ለሁሉም እናት መሆን ለአንዷ ምን ያህል ጊዜ ይተርፋል? ያ በዶረቲ መጽሐፍ ውስጥ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው፤ “ረጅሙ ብቸኝነት”ን ያነበበ ሰው የልጅ ልጅየዋንም ቢያነብ ይጠቀማል።

ፎርስተር በ“ረጅሙ ብቸኝነት” ውስጥ ከተለያዩ በኋላ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በ2010 የታተሙት ደብዳቤዎቿ እንዳልጠፋ አሳዩ። ከተጠመቀች በኋላ ለዓመታት፣ አግባኝ፣ ተመለስ እያለች ትጽፍለት ነበር። ናፍቆቱ የሥጋም ነበር፤ አታፍርበትም። እሱ አልመጣም። ሌላ ሴት ይዞ፣ ናኔት የምትባል፣ ለብዙ ዓመታት ኖረ። በ1959 ናኔት በካንሰር ስትታመም ዶረቲን ለእርዳታ ጠሯት። ዶረቲ ሄዳ አስታመመቻት፤ ፎርስተር ሕመሙን ማየት አቅቶት ከቤት ሲሸሽ እሷ አልጋው አጠገብ ቀረች። ናኔት ከመሞቷ በፊት ተጠመቀች። በ1980 ዶረቲ ስትቀበር ሽማግሌው ፎርስተር ከለቀስተኞቹ መካከል ነበር።

የእኔን ቅጂ ለአንድ የድሮ የጥናት ክበባችን ልጅ አውሼዋለሁ። መጀመሪያ የካቶሊክ መጽሐፍ ነው ብሎ አልቀበልም አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ስልክ ደውሎ “ይህቺ ሴት እኮ ከእኛ ወገን ናት” አለኝ። ሬይናን በጣም ወዷታል። መጽሐፉን እስካሁን አልመለሰልኝም።